ዕዳን በዕዳ መክፈል፦ መቼ ይጠቅማል? መቼስ ይጎዳል?

ነገርን ከሥሩ ውኃን ከጥሩ እንደሚባለው፣ በዚህ ጽሑፍ ልንመረምረው የተነሣነውን ጉዳይ ከሥሩ ብንጀምር ይሻላል። ጉዳዩም በሲልቨር ስፕሪንግና በአሌክሳንድሪያ፣ በጠቅላላውም በዋሽንግተንና በአካባቢዋ በምንኖር ወገኖች ቤት ውስጥ የሚገኝ፣ ነገር ግን በአደባባይ የማይነገር የክሬዲት ካርድ ዕዳ ነው። ስለ ሕመማችን እንነጋገራለን፤ ስለ ልጆቻችን ትምህርት እንመካከራለን፤ ስለ አገራችን ፖለቲካማ ሌሊቱ እስኪጋመስ እንከራከራለን። በየወሩ በፖስታ የሚመጣውን የካርድ ሒሳብ ግን ሳንከፍተው መሳቢያ ውስጥ እንጥለዋለን። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም የሚለውን የአባቶች ብሂል ሌላውን ስንመክር እናውቀዋለን፤ ለራሳችን ሲሆን ግን እንረሳዋለን።

ከቅርብ ጊዜ ወዲህ ከቅዳሴ በኋላ ቡና ላይ ሆነን ስንጨዋወት፣ ሰዎች ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው አንድ ጥያቄ ሲጠይቁን ቆይተዋል። ጥያቄው እንዲህ ነው፤ «የሦስትና የአራት ካርድ ዕዳ አለብን። ከባንክ ወይም ከሌላ አበዳሪ በአንድ ጊዜ የግል ብድር ወስደን ካርዶቹን ሁሉ ብንዘጋና ለአንድ አበዳሪ ብቻ ብንከፍል ይሻላል ወይ?» መልሱ በአንድ ቃል የሚሰጥ አይደለም። ለአንዱ ቤተሰብ መዳኛ የሆነው መንገድ ለሌላው መጥፊያ ሲሆን በዓይናችን አይተናል። ስለዚህ ሁለቱንም ማሳየት ግድ ይሆንብናል።

በሲልቨር ስፕሪንግ የሚኖሩ አንድ ባልና ሚስትን እናውቃለን። ስማቸውን አንጠራም፤ ታሪካቸው እንዲጻፍ ግን ራሳቸው ፈቅደዋል። ባልየው ታክሲ ነጂ ናቸው፤ ባለቤታቸው ደግሞ በአንድ የአረጋውያን መጦሪያ ውስጥ ያገለግላሉ። የታክሲው ሥራ አስቀድሞም በስልክ የሚጠሩት መኪኖች ከመጡ ወዲህ ቀዝቅዞ ነበር። በ2020 እ.ኤ.አ. ወረርሽኙ ሲገባ ከተማው ባዶ ሆነ፤ አውሮፕላን ጣቢያውም ጭር አለ። የቤት ኪራዩና የመኪናው መድን ግን አልቆሙም። የመጀመሪያው ካርድ የተሞላው ያን ጊዜ ነው። በ2021 የሚስትየው እናት ጎንደር ላይ ዐረፉ። ቲኬት ተቆረጠ፤ ባዶ እጅ አይኬድምና ልብስና ጫማ ተገዛ፤ የተዝካሩም ወጪ ከዚሁ ተላከ። ይህ ሁለተኛውን ካርድ ሞላው። ሦስተኛውን ካርድ ባልየው ለባለቤታቸው ሳይነግሩ አወጡት፤ የመጀመሪያውን ካርድ የወር ክፍያ ለመክፈል ነበር። ሚስትየው ያወቁት ወደ ሥራ ለመሄድ ሲነሡ ከፖስታ ሣጥኑ አንድ ያልታወቀ ደብዳቤ ባወጡ ጊዜ ነው። ያን ዕለት በቤቱ ውስጥ የሆነውን አንጽፍም። ዕዳው ሲደመር ግን 12,000 ዶላር ሆኖ ተገኘ፤ ወለዱም በአማካይ በዓመት ከመቶ 24 ነበር።

ከመቶ 24 ማለት ምን ማለት እንደሆነ ጥቂት ቆም ብለን እናስብ። በዓመት 24 ከሆነ በወር 2 ነው። በ12,000 ዶላር ላይ የአንድ ወር ወለድ 240 ዶላር ይሆናል። የካርድ ኩባንያዎች የሚጠይቁት ዝቅተኛ ክፍያ ብዙውን ጊዜ የወሩ ወለድና ከዋናው ገንዘብ መቶኛው እጅ ሲደመር ነው፤ እዚህ ላይ 240 እና 120፣ ማለትም 360 ዶላር። ሰውየው 360 ዶላር ከፍሎ ዕዳው የሚቀንስለት በ120 ዶላር ብቻ ነው። በሚቀጥለው ወር የሚጠየቀው ክፍያ በጥቂቱ ያንሳል፤ እርሱም ያነሰውን ይከፍላል፤ በዚህም ዕዳው እየተንፏቀቀ ይሄዳል። አንድ ሳንቲም እንኳ ሳይጨምርበት አምስት ዓመት ሙሉ ዝቅተኛውን ብቻ ቢከፍል 16,300 ዶላር ያህል ከኪሱ ያወጣል፤ በአምስተኛው ዓመት መጨረሻም ገና 6,570 ዶላር ያህል ይቀርበታል። ይህን ሒሳብ ለብዙ ሰው ስናሳይ በመጀመሪያ አያምነንም፤ እርሳስ ወስዶ ራሱ ከሠራው በኋላ ግን ዝም ይላል።

ይህን ያህል ወለድ እንዴት ሊፈቀድ ቻለ? የሚል ሰው አይጠፋም። በአገራችን በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ በቁጥር 2479 ተዋዋዮች በዓመት ከመቶ 12 የሚበልጥ ወለድ እንዳይዋዋሉ ይከለክላል፤ ከዚያ ያለፈውን አባቶቻችን አራጣ ይሉት ነበር። በመጽሐፈ ነህምያ ምዕራፍ 5 ላይም እርሻቸውንና የወይን ቦታቸውን በመያዣ ሰጥተው የተበደሩ ሰዎች ጩኸት ተጽፏል፤ በዚያ የሚጠቀሰው የገንዘቡ መቶኛ እጅ በየወሩ የሚከፈል ነበር ብለው የሚተረጉሙ አሉ፤ እንዲህ ከሆነ በዓመት ከመቶ 12 መሆኑ ነው። ነህምያን ያስቆጣው ወለድ እንግዲህ ዛሬ የካርድ ኩባንያ ከሚያስከፍለን እኩሌታው ነበር ማለት ነው።

በአሜሪካም ቢሆን ነገሩ ሁልጊዜ እንዲህ አልነበረም። ባንክ ኦፍ አሜሪካ በ1958 እ.ኤ.አ. በካሊፎርኒያ በፍሬዝኖ ከተማ 60,000 ያህል ካርዶች ላልጠየቁ ሰዎች በፖስታ ልኮ ይህን ንግድ ሲጀምር፣ አብዛኞቹ ክፍለ ግዛቶች የየራሳቸው የወለድ ጣሪያ ነበራቸው። በ1978 ግን ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ፣ ብሔራዊ ባንክ የሚያስከፍለው ወለድ የሚለካው ባንኩ በሚገኝበት ክፍለ ግዛት ሕግ እንጂ ተበዳሪው በሚኖርበት ሕግ አይደለም ሲል ወሰነ። ከዚያ በኋላ ደቡብ ዳኮታና ደላዌር ጣሪያውን አነሡ፤ ሲቲባንክም በ1981 የካርድ ሥራውን ከኒው ዮርክ ወደ ደቡብ ዳኮታ አዛወረ። ሲልቨር ስፕሪንግ ወይም አሌክሳንድሪያ ለምንኖር ሰዎች የሚመጣው ሒሳብ ከሩቅ አገር አድራሻ የሚመጣበት ምክንያት ይኸው ነው። የሜሪላንድም ሆነ የቨርጂኒያ ምክር ቤት ይህን ወለድ ሊያወርድልን አይችልም።

የፌዴራል ሪዘርቭ ባንክ በየጊዜው በሚያወጣው መግለጫ መሠረት፣ ከ2023 ወዲህ የክሬዲት ካርድ አማካይ ወለድ ከመቶ 20 በላይ ሆኖ ቆይቷል። በዚያው ጊዜ ባንኮች ለሁለት ዓመት የሚሰጡት የግል ብድር አማካይ ወለድ ከመቶ 11 እስከ 13 ባለው መካከል ነበር። የጥያቄው ሁሉ መሠረት በእነዚህ በሁለቱ ቁጥሮች መካከል ያለው ርቀት ነው። ነገር ግን አማካይ ማለት ለሁሉ ሰው የሚሰጥ ማለት አይደለም። የብድር ታሪኩ የተበላሸበት ሰው የግል ብድር በ30 ወይም በ35 ሊሰጠው ይችላል፤ እንዲህ ያለውን ብድር ወስዶ የ24ቱን ካርድ መክፈል ከእሳት ወደ ረመጥ መግባት ነው።

ወደ ባልና ሚስቱ እንመለስ። በ2022 የጸደይ ወራት አንድ አበዳሪ ማመልከቻቸውን ውድቅ አደረገባቸው። ከዚያ በኋላ ሚስትየው በሥራ ቦታቸው ምክንያት አባል ሊሆኑበት ወደሚችሉበት ክሬዲት ዩኒየን ሄዱ። በዚያም 12,000 ዶላር በ13 ወለድ ለሦስት ዓመት ተሰጣቸው። የወር ክፍያው 404 ዶላር ሆነ፤ በ36 ወር ሲደመር 14,560 ዶላር ያህል ነው። አስቀድመው ዝቅተኛ ክፍያ ብለው ይከፍሉ ከነበረው 360 ጋር ሲተያይ ልዩነቱ 44 ዶላር ብቻ ነው። በዚህች ልዩነት መጨረሻ የሌለው የመሰለው ዕዳ መጨረሻ ቀን ተቆረጠለት።

እዚህ ላይ ግን እውነቱን ሳንሸፋፍን መናገር አለብን። እነዚህ ሰዎች ብድሩን ሳይወስዱ ያንኑ 404 ዶላር በየወሩ ለካርዶቹ ሳያቋርጡ ቢከፍሉ ኖሮም በ46 ወር ገደማ ይጨርሱ ነበር፤ የሚያወጡትም 18,400 ዶላር ያህል ነበር። እንግዲህ ብድሩ ያተረፈላቸው ወደ 3,840 ዶላርና ዐሥር ወር ነው። ይህ ትንሽ አይደለም። ነገር ግን ዕዳውን የከፈለው ብድሩ አይደለም፤ በየወሩ ከደመወዛቸው የወጣው 404 ዶላር ነው። ብድሩ ያደረገው መንገዱን ማሳጠር ነው። ብድር ስለ ወሰደ ብቻ ዕዳ የከፈለ የሚመስለው ሰው ብዙ ነውና ይህን ደጋግመን እንናገራለን።

ሁለተኛው ሊታይ የሚገባው ነገር የመነሻ ክፍያ የሚባለው ነው። አንዳንድ አበዳሪዎች ብድሩን ሲሰጡ ከላዩ ላይ ከመቶ 5፣ አንዳንዶቹም እስከ 8ና 10 ቆርጠው ያስቀራሉ። 12,000 ዶላር በእጁ እንዲገባ የሚፈልግ ሰው ከመቶ 5 የሚቆረጥበት ከሆነ 12,632 ዶላር መበደር አለበት። በዚያው በ13 ወለድ ለሦስት ዓመት የወር ክፍያው 425 ዶላር ከ60 ሳንቲም ይሆናል፤ የሚከፍለውም በጠቅላላው 15,320 ዶላር ያህል ነው። እንደ ስሙ 13 የተባለው ወለድ በእውነቱ 16 ተኩል አልፏል። በ1968 የወጣው የፌዴራል ሕግ አበዳሪው ይህን እውነተኛውን የዓመት ዋጋ፣ በእንግሊዝኛው ምሕፃር ኤ.ፒ.አር. የሚባለውን፣ ከመፈረሙ በፊት በጽሑፍ እንዲያሳይ ያስገድዳል። ስለሆነም «ወለዱ ስንት ነው?» ብሎ መጠየቅ አይበቃም፤ «ኤ.ፒ.አሩ ስንት ነው? የመነሻ ክፍያስ አለው?» ማለት ያስፈልጋል። እንግሊዝኛው የሚያስቸግራቸው ወላጆቻችንም ይህችን አንዲት ጥያቄ በቃላቸው ቢይዟት መልካም ነው።

ሦስተኛው ነገር ዘመኑ ነው። ብዙ ሰው የሚያየው የወሩን ክፍያ ብቻ ነው። አበዳሪውም ይህን ስለሚያውቅ፣ «በወር 318 ዶላር ብቻ!» ይለዋል። ይህ ማለት 12,000 ዶላር በ20 ወለድ ለአምስት ዓመት ነው። ወለዱ ከካርዱ 24 ያንሳል፤ የወር ክፍያውም ከ404 ያንሳል፤ በሁለት በኩል ያተረፈ ይመስለዋል። በአምስት ዓመት የሚከፍለው ግን 19,076 ዶላር ነው። 404 ዶላር እየከፈለ ከካርዱ ጋር ቢቆይ ኖሮ 18,400 ብቻ ይከፍል ነበር። በዝቅተኛ ወለድ ብዙ ገንዘብ መክፈል የሚቻለው እንዲህ ነው፤ ምክንያቱም ወለድ የሚሠራው ከጊዜ ጋር ነው።

የት እንበደር ለሚለው ጥያቄ፣ ስለ ባንኮች እዚህ አናትትም፤ ስለ ክሬዲት ዩኒየኖች ግን አንድ ነገር መታወቅ አለበት። በፌዴራል ፈቃድ የሚሠሩት ክሬዲት ዩኒየኖች በብድር ላይ የሚያስከፍሉት ወለድ ከ1987 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ከመቶ 18 እንዳያልፍ ተወስኖባቸዋል። ይህን የሚወስነው የመንግሥት መሥሪያ ቤት፣ ብዙዎቻችን ሳናውቀው በመኪና የምናልፍበት በአሌክሳንድሪያ በዱክ ጎዳና ላይ ነው ያለው። አባል የሚኮነው በመሥሪያ ቤት፣ በመኖሪያ አካባቢ ወይም በማኅበር በኩል ነው። ሆቴል፣ ሆስፒታል፣ ትምህርት ቤት ወይም የካውንቲው መሥሪያ ቤት የሚሠራ ሰው፣ የሠራተኞች ክሬዲት ዩኒየን እንዳለ የሠራተኛ ጉዳይ ክፍሉን ቢጠይቅ ኪሳራ የለበትም። ከብዙ አበዳሪ ዋጋ መጠየቅ የብድር ታሪክን ያበላሻል የሚል ፍርሃትም አለ። አብዛኞቹ አበዳሪዎች ቁርጥ ማመልከቻ ሳይገባ በግምት የሚሰጡት መልስ ታሪኩን አይነካም፤ የሚነካው ሙሉ ማመልከቻ ሲገባ ነው፤ እርሱም በጥቂቱ ነው። ታሪኩንም ራሱን ኢኩፋክስ፣ ኤክስፒሪያንና ትራንስዩኒየን ከተባሉት ከሦስቱ መዝጋቢዎች በነፃ ማግኘት ይቻላል። በስማችን መመሳሰል ምክንያት የሌላ ሰው ዕዳ በእኛ ላይ ተመዝግቦ የተገኘበት ጊዜ አለ፤ በአባት ስም የምንጠራ ሰዎች ነንና ይህን ማጣራት ከሌላው ሕዝብ ይልቅ ለእኛ ያስፈልጋል።

ወንዙን መሻገር ሕጉን እንደሚለውጠውም ልብ እንበል። ሜሪላንድ ለትናንሽ ብድሮች ያላት የወለድ ጣሪያ ከመቶ 33 ነው። በቨርጂኒያ በኩል ግን እስከ ደመወዝ ቀን የሚሰጡና የመኪናን ባለቤትነት ወረቀት በመያዣ የሚቀበሉ አበዳሪዎች ለዓመታት ከመቶ በመቶም የሚያልፍ ወለድ ሲያስከፍሉ ኖረዋል። አዲሱ የቨርጂኒያ ሕግ ከጥር 1 ቀን 2021 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በእነዚህ ብድሮች ላይ የዓመቱን ወለድ በ36 ወስኖታል፤ ከወለዱ ሌላ የወር አገልግሎት ክፍያ ግን ፈቅዷል። ታክሲ ነጂ የመኪናውን ወረቀት በመያዣ ሰጥቶ የካርድ ዕዳ ቢከፍል፣ የሚያጣው መኪናውን ብቻ ሳይሆን እንጀራውን ነው።

አሁን ስለ ሁለተኛው ሰው እንናገር። እኒህ ወንድማችን የሚኖሩት በአሌክሳንድሪያ ነው። እርሳቸውም 15,000 ዶላር የሚሆን የካርድ ዕዳቸውን በግል ብድር ከፈሉ፤ ብድሩ ለአምስት ዓመት ነበር። ካርዶቹ ሁሉ በአንድ ቀን ዜሮ ሆኑ። «ያን ሌሊት እንደ ሕፃን ተኛሁ» ብለውናል። ካርዶቹን ግን ከቦርሳቸው አላወጧቸውም። ከጥቂት ወራት በኋላ ለእኅታቸው ልጅ ሠርግ ገንዘብ ተፈለገ፤ ከዚያ የመኪና ጥገና መጣ፤ ከዚያ የትኬት ዋጋ ቀነሰ ተባለ። በሁለት ዓመት ውስጥ ካርዶቹ እንደገና ሞሉ። አሁን የሚከፍሉት ብድሩንም ካርዶቹንም ነው። እኛ እንደምናየው፣ የግል ብድር ትልቁ አደጋ በወለዱ ውስጥ ያለ አይደለም፤ ባዶ ካርድ በእጅ ማስቀረቱ ነው። ዕዳው ከምን እንደ መጣ ሳይመረመር ዕዳውን ማዛወር፣ ጣራው የሚያፈስ ቤት ውስጥ ወለሉን እየወለወሉ እንደ መኖር ነው።

በሲልቨር ስፕሪንግ ያሉት ባልና ሚስት በዚህ ረገድ ያደረጉት አስተዋይነት የተሞላበት ነው። ከሦስቱ ካርዶች ሁለቱን ዘጉ። ሦስተኛውን፣ ማለትም ከሁሉ የቆየውን፣ የብድር ታሪካቸው እንዳይጎዳ ሳይዘጉ አስቀሩት፤ ካርዱ ግን በሚስትየው እጅ ሆነ። የተደበቀው ካርድ ጉዳይ በመካከላቸው የፈጠረው ቁስል በሒሳብ የሚድን አልነበረም፤ የንስሐ አባታቸው ዘንድ ሄደው ተነጋግረውበታል። ከዚያ ወዲህ በየወሩ በመጀመሪያው እሑድ ማታ ሁለቱም ተቀምጠው ሒሳቡን አብረው ይከፍታሉ።

የራሱ ቤት ያለው ሰው ደግሞ ሌላ ፈተና ይገጥመዋል። «በቤትህ ላይ ተበደር፤ ወለዱ ዝቅተኛ ነው» የሚሉት አሉ። ወለዱ ዝቅተኛ መሆኑ እውነት ነው። የካርድ ዕዳ ግን መያዣ የሌለው ዕዳ ነው፤ ሰው ባይከፍል ይከሰሳል፣ ታሪኩ ይበላሻል፣ ቤቱ ግን በዚያው ቀን አይሸጥበትም። ያንን ዕዳ በቤቱ ላይ ሲጽፈው ልጆቹ የሚተኙበትን ጣራ ለጫማና ለትኬት መያዣ አደረገው ማለት ነው። በ2008 በደረሰው የቤት ገበያ ውድቀት ጊዜ የሆነውን ያየን ሰዎች ይህን ምክር ለማንም አንሰጥም።

ስለ ዋስነትም ጥቂት እንበል፤ በእኛ ዘንድ ይህ የይሉኝታ ጉዳይ ነውና። አብሮ አደግ፣ የአገር ልጅ ወይም የክርስትና ልጅ መጥቶ «ፈርሙልኝ፣ ስም ብቻ ነው» ሲል እንቢ ማለት ይከብዳል። በዚህ አገር አብሮ ፈራሚ ማለት ግን ስም ብቻ አይደለም። ከ1985 እ.ኤ.አ. ጀምሮ አበዳሪዎች ለአብሮ ፈራሚው የተለየ ማስጠንቀቂያ እንዲሰጡ ተገደዋል፤ የወረቀቱም ቁም ነገር ተበዳሪው ካልከፈለ ፈራሚው ሙሉውን ዕዳ እንደሚከፍልና አበዳሪው አስቀድሞ ተበዳሪውን ሳይጠይቅ ወደ እርሱ ሊመጣ እንደሚችል ማስታወቅ ነው። ያን ወረቀት አንብቦ የሚፈርም ይፈርም። ገንዘቡን ለመርዳት የሚችል ሰው ከመፈረም ይልቅ ከፍሎ የሚያውቀውን ያህል በእጁ ቢሰጥ ወዳጅነቱ ይተርፋል።

ዕቁብን ረስተን አይደለም። በዚህ አካባቢ ስንት ቤትና ስንት ሱቅ በዕቁብ እንደ ቆመ እናውቃለን። ሃያ ሰዎች በየወሩ 500 ዶላር ቢጥሉ ባለ ዕጣው 10,000 ዶላር ያለ ወለድ ይወስዳል። ዕጣው በመጀመሪያዎቹ ወራት የወጣለት ሰው ወይም የዳኛው ፈቃድና የአባላቱ መልካም ልብ ቀድሞ እንዲወስድ የፈቀዱለት ሰው፣ ያንን ገንዘብ ሳይነካ በ24 ወለድ ካለው ካርድ ላይ ቢያሳርፈው በወር 200 ዶላር ወለድ ያስቀራል። ከዚህ የተሻለ ብድር በየትኛውም ባንክ የለም። ሁለት ነገር ግን ይጠበቅበታል። የመጀመሪያው፣ ዕጣው ከወጣ በኋላ የቀሩትን ወራት አንድ ሳያጓድል መጣል ነው። ሁለተኛው፣ የዕቁብ መጣያ አጥቶ ከካርዱ ጥሬ ገንዘብ እንዳያወጣ ነው፤ ካርድ በጥሬ ገንዘብ ላይ ብዙውን ጊዜ ከመቶ 5 ያህል ይቆርጣል፤ ወለዱም ያለ አንድ ቀን ፋታ ከዚያው ሰዓት ጀምሮ ይቆጠራል፤ ወለዱ ራሱ ከዕቃ መግዣው የበለጠ መሆኑም የተለመደ ነው።

ብድርም ዕቁብም የማይቻላቸው ሰዎች አሉ። ለእነዚህ ለትርፍ ያልተቋቋሙ የዕዳ አማካሪ ድርጅቶች በዚህ አገር ይገኛሉ። አማካሪው ከካርድ ኩባንያዎቹ ጋር ተነጋግሮ ወለዱን ያስቀንሳል፤ ሰውየውም አዲስ ብድር ሳይወስድ በየወሩ አንድ ክፍያ ለአማካሪው እየሰጠ ከሦስት እስከ አምስት ዓመት ባለው ጊዜ ይጨርሳል። ካርዶቹ አብዛኛውን ጊዜ ይዘጋሉ፤ በእኛ አስተያየት ግን ይህ ጉዳት ሳይሆን ጥቅም ነው። በስልክና በማስታወቂያ «ዕዳችሁን በግማሽ እናስቀርላችኋለን» የሚሉት ሌሎች ናቸው። እነርሱ ለካርድ ኩባንያው መክፈል እንድናቆም ይመክራሉ፤ በዚህ መካከል ቅጣቱና ክሱ ይመጣል። በ2010 የወጣው የፌዴራል የንግድ ኮሚሽን ደንብ፣ በስልክ የሚሠሩ እንዲህ ያሉ ድርጅቶች አንድም ዕዳ ሳያስቀንሱ አስቀድመው ክፍያ እንዳይቀበሉ ይከለክላል፤ አስቀድሞ ገንዘብ የጠየቀን ሁሉ በዚህ እንለየዋለን። ተቀነሰልኝ ያለው ዕዳም ብዙውን ጊዜ እንደ ገቢ ተቆጥሮ ግብር ሊጠየቅበት እንደሚችል የሚነግረው የለም።

በመጨረሻ፣ ስለ አገር ቤት ሳንናገር ይህ ጽሑፍ ጎዶሎ ይሆናል። በየካርዱ ላይ ከተጻፈው ዕዳ ስንቱ የራሳችን ምግብና ልብስ ነው? ስንቱስ የተላከ ነው? ባልና ሚስቱ ብድሩን በወሰዱ በስምንተኛው ወር የሚስትየው ወንድም ከጎንደር ደውሎ ለቤት እድሳት 3,000 ዶላር ጠየቀ። ያ በሚስትየው እጅ የቀረው ካርድ ባዶ ነበር፤ በቀላሉ ይሸከመው ነበር። ሚስትየው ሁለት ሌሊት እንቅልፍ አጡ። በሦስተኛው ቀን ደወሉና እውነቱን ተናገሩ፤ የእናታቸው ተዝካር የወጣው በብድር እንደ ነበር፣ ገናም እየተከፈለ እንዳለ፣ አሁን ሊልኩ የሚችሉት 150 ዶላር ብቻ እንደሆነ። ወንድምየው ለጥቂት ጊዜ ዝም አለ። «እኅቴ፣ ይህን ሁሉ ዓመት ስትልኪ ተበድረሽ እንደሆነ ለምን አልነገርሽንም? እኛ እኮ የተረፋችሁ መስሎን ነው የምንጠይቀው» አላት። የቤቱ እድሳት ለሌላ ዓመት ቆየ። የመጨረሻው 404 ዶላር የተከፈለው በ2025 የጸደይ ወራት ሲሆን፣ ያን ቀን በመጀመሪያ የደወሉት ለእርሱ ነበር።